ትራሹ ባዶ ከተደረገ በኋላ የጂሜይል መልእክት ይመለሳል እንዴ?

የአባቷ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ ጂሜይል የምታውቁ እስቲ ተባበሩኝ። አባቴ መርካቶ የመኪና መለዋወጫ ነው የሚሸጠው፣ እቃ የሚያመጣው ከቻይና ስለሆነ ከሰዎቹ ጋር የሚጻጻፈው ሁሉ በአንድ ጂሜይል ነው፣ ፕሮፎርማው (የዋጋ ማቅረቢያው) በሉት ፓኪንግ ሊስቱ (የእቃው ዝርዝር) በሉት ምን ቅጡ። ሰሞኑን ስቶሬጅ ሞልቷል እያለ አዲስ ሜይል አልገባ አለው፣ ሱቅ የሚሠራው ልጅ ደሞ "እኔ አጸዳልዎታለሁ ጋሼ" ብሎ ገብቶ ከባድ ከባዱን እየፈለገ ሰረዘው። ከባዱ እኮ አታችመንት ያለው ነው! የሚፈለገውን መርጦ አጠፋው ማለት ነው። ትራሹንም ባዶ አርጌዋለሁ ይላል ግን ደግመህ ስትጠይቀው "መሰለኝ" ይልሃል። እቃው ሞጆ ደርሷል፣ እቃውን ከጉምሩክ የሚያወጣልን ትራንዚተር በየሰዓቱ እየደወለ ሰነድ ይላል። ምን ይሻለኛል?

ኪቦርድ፦
አይዞሽ እህት። መጀመሪያ የልጁን "መሰለኝ" ተይውና ራስሽ ግቢና እዪ፣ በስልክ ሳይሆን በኮምፒውተር ብራውዘር። በግራ በኩል ወደታች "ሞር" የሚለውን ስትነኪው "ትራሽ" ይመጣልሻል፣ እዛ የገባ ነገር 30 ቀን ይቀመጣል ከዛ በራሱ ይጠፋል። ካገኘሽው ምልክት አርገሽበት "ሙቭ ቱ" ብለሽ ኢንቦክስ መምረጥ ነው። "ኦል ሜይል"ንም ሳታዪ እንዳትወጪ፣ ብዙ ሰው ጠፋብኝ ብሎ የሚያለቅሰው አርካይቭ ያረገውን ነው፣ ስልክ ላይ ሜይሉን በጣት ወደ ጎን ሲገፉት ከኢንቦክስ ይወጣል እንጂ አልተሰረዘም።
ሌላው ሰርች ስታረጊ ጂሜይል ትራሽና ስፓም ውስጥ ያለውን አያሳይሽም፣ ስለዚህ የለም ሲልሽ ዝም ብለሽ አትመኚው። ሰርች ሳጥኑ ጫፍ ላይ ያለችውን የማጣሪያ ምልክት ንኪና ታች "ኦል ሜይል" የሚለውን ወደ "ሜይል ኤንድ ስፓም ኤንድ ትራሽ" ቀይሪው፣ ከዛ የላኪውን አድራሻ አስገብተሽ ፈልጊ።

ባለ ሞባይሉ፦
ኢምፕቲ ትራሽ ከተባለ አበቃ በቃ፣ አትልፊ

ኪቦርድ፦
@ባለ ሞባይሉ ሙሉ በሙሉ እንኳን አላበቃም። የጎግል ሄልፕ ገጽ ላይ ሜይል ለጠፋበት ሰው የመልእክት ማስመለሻ ጥያቄ አለ፣ አካውንቱ ለተጠለፈበት ነው በዋናነት የተሠራው፣ ይመለሳል ብዬ ቃል አልገባም ግን መሞከር ነው፣ በቆየ ቁጥር ተስፋው እየቀነሰ ስለሚሄድ ዛሬውኑ። በድርጅት ስም የተከፈለበት ወርክስፔስ ቢሆን ኖሮ አድሚኑ ከትራሽ ከጠፋ በኋላም እስከ 25 ቀን ድረስ መመለስ ይችል ነበር፣ ተራ ጂሜይል ላይ ግን ይሄ የለም።

ማሜ ዲሲ፦
ቆይ ቆይ፣ ሱቁ ውስጥ አውትሉክ ወይ ተንደርበርድ የሚባሉት የሜይል ፕሮግራሞች የተጫኑበት አሮጌ ኮምፒውተር የለም? የመርካቶ ነጋዴ ያሮጌ ላፕቶፕ አያጣም ብዬ ነው ሃሃ። ካለ እንዳትከፍቺው!!! መጀመሪያ የኔትዎርክ ገመዱን ንቀዪ ዋይፋዩንም አጥፊ ከዛ ክፈቺው። ምክንያቱም ፕሮግራሙ ከጂሜይል ጋር አይማፕ በሚባለው መንገድ የተገናኘ ከሆነ ኢንተርኔት እንዳገኘ ከሰርቨሩ ጋር እኩል ልሁን ብሎ እዛ የተሰረዘውን እዚህም ይሰርዘዋል፣ ፖፕ በሚባለው መንገድ ከሆነ ግን ያወረደው ኮፒ የራሱ ስለሆነ አይነካውም። የቱ እንደሆነ ስለማታውቂ አጥፍተሽ መክፈቱ ይሻላል። ሜይሎቹን ካገኘሽ ፋይሎቹን አንድ በአንድ ወደ ፍላሽ ሴቭ አርጊያቸው፣ ፍላሹን ሳትነቅዪ ኢንተርኔት እንዳታበሪ።
ስልክም እንደዛው ነው፣ ከዛ ወዲህ ኢንተርኔት ያልነካ ታብሌት ምናምን ካለ የቅርብ ጊዜውን ሜይል ይዞ ሊሆን ይችላል።

የአባቷ ልጅ፦
ትራሹ እውነትም ባዶ ነው 😭 ሰርቹንም እንዳላችሁት አረኩት፣ የወጡት "እሺ" "ተቀብያለሁ" የሚሉ ባዶ ባዶ ሜይሎች ናቸው። ላፕቶፕ ግን አለ! ድሮ የአባቴ የሒሳብ ሠራተኛ የምትሠራበት፣ ጥግ ላይ ካርቶን ስር። ማታ እከፍተዋለሁ። በነገራችን ላይ እዚህ የጻፍኩትን አይቶ አንዱ በቴሌግራም ኢንቦክስ አርጎኝ ጎግል ውስጥ ሰው አለኝ፣ ፓስዎርዱንና ስልኩ ላይ የሚመጣውን ኮድ ላኪልኝ ይላል፣ ብሩን በኋላ ነው የምትከፍይው አለኝ። ምን ትላላችሁ?

ማሜ ዲሲ፦
ብሎክ!!!! ኮዱን ከሰጠሽው ሜይሉ ሳይሆን አካውንቱ ነው የሚሄደው፣ ከዛ በአባትሽ ስም ለቻይኖቹ "የባንክ አካውንት ቀይረናል" ምናምን እያለ ይጽፋል።

ሰነድ በእጄ፦
ትራንዚት ነው ሥራዬ። ላፕቶፑን ክፈቺ ግን እሱ ላይ ብቻ አትንጠልጠዪ። ላኪው "ሴንት" (የተላኩ) የሚለው ፎልደር ውስጥ የራሱ ኮፒ አለው፣ እናንተ ጋ መሰረዙ እሱን አይነካውም፣ ዛሬውኑ "የዚህን ኢንቮይስ ሙሉ ሰነድ ድጋሚ ላኩልን" ብለሽ ጻፊ። ቻይና ከኛ 5 ሰዓት ስለምትቀድም ከሰዓት በኋላ ከላክሽ ሰዎቹ ቤታቸው ገብተዋል፣ ጠዋት በማለዳ ላኪው። ኤልሲ (በባንክ በኩል የሚሰጥ የክፍያ ዋስትና) ከተከፈተበት ደሞ ባንኩ ጋ ፋይል አለ፣ ኮሜርሻል ኢንቮይሱም ቢል ኦፍ ሎዲንጉም (የመርከብ ጭነት ሰነዱ) በዛ በኩል ነው የሚያልፈው፣ አባትሽ ራሳቸው መታወቂያ ይዘው ሄደው ኮፒ ይጠይቁ። ኦሪጅናሉ ወረቀት በእጃቸው ካለማ ሜይሉ ለጉምሩኩ ያን ያህል አያስጨንቅም።

ኪቦርድ፦
ስቶሬጁን በተመለከተ፣ ጎግል በነጻ የሚሰጠው 15 ጂቢ ለጂሜይል ብቻ አይደለም፣ ድራይቭና ጎግል ፎቶስም እዛው ላይ ነው የሚቆጠሩት። ብዙ ጊዜ የሚሞላው የስልክ ቪዲዮ ነው፣ የልጅ ልጅ ልደት ምናምን። ሜይል ከመንካታችሁ በፊት የቱ ስንት እንደያዘ ስቶሬጅ ገጹ ላይ ታዩታላችሁ።

የአባቷ ልጅ፦
ላፕቶፑ ተከፈተ፣ ኢንተርኔቱን አጥፍቼ። አውትሉክ ነው፣ ያለፈው ዓመት ፕሮፎርማዎች በሙሉ አሉ!! የአሁኑ እቃ ግን የለም፣ ሠራተኛዋ ከወጣች በኋላ የከፈተው የለም። ለላኪው ጽፌያለሁ፣ ፓኪንግ ሊስቱን ላከ፣ ኢንቮይሱን ነገ አለ። አባቴ ባንክ ሄዷል።

ባለ ሞባይሉ፦
ያሁ ላይስ? የእናቴ ያሁ ነው

ኪቦርድ፦
ያሁ ትራሽ ላይ 7 ቀን ብቻ ነው። ከዛም ከጠፋ ሄልፕ ገጹ ላይ ሪስቶር መጠየቂያ አለ፣ እሱም ባለፉት 7 ቀናት ውስጥ ለጠፋ ነው። መቼ ነው የጠፋባቸው?