የድሮ ካሴት ገልብጦ መልቀቅ፦ ማዳን ነው ወይስ መስረቅ?

የቆጪ ልጅ፦
ማታ መብራት ሳይሄድ አንድ አልበም ሰምቼ እንቅልፍ አጣሁ። ዘፋኟ ኤለን ፎሊ ትባላለች። ስሟን ላታውቁት ትችላላችሁ፣ ድምጿን ግን ሳትሰሙት አልቀራችሁም። አሜሪካዊው ሮክ ዘፋኝ ሚት ሎፍ በ1977 እ.ኤ.አ. ባወጣው «ባት አውት ኦፍ ሄል» አልበም፣ «ፓራዳይዝ ባይ ዘ ዳሽቦርድ ላይት» በሚለው ረጅም ዘፈን ውስጥ «ትወደኛለህ ወይ?» እያለች የምታፋጥጠው እሷ ናት። አልበሙ በአስር ሚሊዮኖች ተሸጧል። ቪዲዮው ላይ የቀረበችው ግን ሌላ ሴት ናት፣ ካርላ ዴቪቶ። በኤለን ድምፅ አፏን ታንቀሳቅሳለች። ሰዉ ዛሬም ዘፋኟ ካርላ ትመስለዋለች።

ኤለን የቲያትር ልጅ ናት። «ሄር» የሚባለው የሙዚቃ ቲያትር በ1977 ብሮድዌይ ላይ ዳግም ሲታይ ተጫውታበታለች። በ1979 የራሷን የሮክ አልበም «ናይት አውት»ን አወጣች። ፕሮዲውሰሮቹ እንግሊዛዊው ሮከር ኢያን ሃንተርና የዴቪድ ቦዊ ጊታሪስት የነበረው ሚክ ሮንሰን ናቸው። ሆላንዶች ወደዱላት። አገሯ ግን ዞር ብሎ ያየው ጥቂት ነው። እኔ የምለው፣ ያቺን ልጅ መድረክ አሳድጓታል፤ እያንዳንዱን ዘፈን እንደ ገጸ ባህሪ ነው የምትጫወተው። ያኔ «አበዛችው» ተብሎ ይሆናል። ለኔ ጣዕሙ እሱ ነው።

ወደ ጉዳዬ ልምጣ። አጎቴ የተወልኝ አንድ ካርቶን ካሴት አለ። አንዱ በደርግ ጊዜ እዚሁ ጅማ ኪነት (የቀበሌና የከፍተኛ የሙዚቃና ቲያትር ቡድን) ውስጥ ትዘፍን የነበረች ሴት ለብቻዋ የቀዳችው ነው። ሊድ ጊታሩ ይጮሃል፣ ሮክ ነው ብትሉ አልከራከርም። ዩቲዩብ ላይ ልጭነው ነው። የሚቃወም አለ? የሽፋኑን ፎቶ ከታች ለጥፌዋለሁ፣ በእጅ የተጻፈ ስም አለበት።

ሂርማታ፦
እኔ እቃወማለሁ። መጀመሪያ ባለቤቷን ፈልግ። የቅጂ መብት አዋጁ፣ ቁጥር 410/1996፣ ደራሲውን በሕይወት እስካለና ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቀዋል። ለራስህ መስሚያ አንድ ቅጂ ብትገለብጥ ማንም አይጠይቅህም። ለሕዝብ መልቀቅ ግን ሌላ ነገር ነው።

አጂፕ ሰፈር፦
አዋጅ ሻጋታ ያቆማል እንዴ? ይሄ የጅማ ክረምት የሰውን ጫማ በሁለት ሳምንት አረንጓዴ የሚያደርግ ነው። ባለቤቷ እስክትገኝ ካሴቱ ያልቃል። ወላሂ ጫነው። ኪቦርድ ተጫዋቹን ኃይሉ መርጊያን አታውቁም? በ1985 እ.ኤ.አ. የቀዳውን «ሸሞንሟናዬ» አንድ አሜሪካዊ ባህር ዳር ካሴት ሲፈልግ አገኘው። በ2013 እንደገና ወጣ። ሰውዬው ዋሽንግተን ታክሲ ይነዳ ነበር፣ ይኸው ዓለምን ዞረ። በ2018ም አዲስ አልበም አወጣ።

ሂርማታ፦
ጥሩ ምሳሌ አመጣህ፣ ግን ለኔ ነው ያመጣኸው። ያ አሜሪካዊ መጀመሪያ ስልክ ደወለለት። ተስማሙ፣ ከዛ አሳተመው። ጠይቆ ነው ያዳነው።

ጋሽ ካሴት፦
ልጆች፣ እኔ ከሃያ ዓመት በላይ ካሴት ሸጫለሁ። እውነቱን ልንገራችሁ? ግማሹ ግልባጭ ነበር። ሁለት ዴክ ጎን ለጎን፣ አንዱ ያጫውታል፣ አንዱ ይቀዳል። ቡና ሲደርስ ገበሬው ኪሱ ሞልቶ ይመጣል፣ ሦስት አራቱን ይዞ ይሄዳል። ዘፋኞቹ ከኔ አምስት ሳንቲም አላዩም። አንዷ ዛሬ መንገድ ላይ ብታቆመኝ ምን እንደምመልስላት እንጃ።

አጂፕ ሰፈር፦
ጋሼ፣ እርስዎ ባይገለብጡ ያ ሁሉ ሙዚቃ ዛሬ የት ይገኝ ነበር?

ጋሽ ካሴት፦
እሱን ብዬ ነው ስጽናና የኖርኩት። ግን ያኔ የገለበጥኩት ላድነው ብዬ አይደለም፣ ልበላበት ነው። አንተም ዩቲዩብ ገንዘብ ሲከፍል እንዳትለወጥ።

የቆጪ ልጅ፦
ጋሼ፣ በካሴቱ ብር ልሠራ አይደለም፤ ማስታወቂያ አልከፍትበትም። ትናንት እንዴት እንዳጫወትኩት ልንገራችሁ። ክሩ ላልቶ ነበር፣ በቢክ እስክሪብቶ ጠመጠምኩት። ጠርዙ ላይ ነጭ ሻጋታ ይዟል። የቴፑን ሄድ በጥጥና በአልኮል ጠረግኩ፣ ከዛ ትንፋሼን ይዤ ፕሌይ አልኩ። ሳይድ ኤ ንጹሕ ነው። ሳይድ ቢ መሃል ላይ ድምፁ ይሰምጥና ይመለሳል። ቤት ውስጥ ነው የተቀዳው መሰለኝ። ሦስተኛው ዘፈን ላይ ከኋላ ሰው ሲያስል ይሰማል። መጨረሻው ላይ ደግሞ አውራ ዶሮ ይጮሃል።

አጂፕ ሰፈር፦
በዶሮው ብቻ ይጫን! እስቱዲዮ የገባ ሁሉ እንደዛ አይቀዳም።

ሂርማታ፦
ስሟንስ ምን ብለህ ልትጽፍ ነው? ኪነት ውስጥ ሰው ስም አልነበረውም እኮ። «የከፍተኛው ኪነት» ይባላል፣ አለቀ። አንተም በግምት ጽፈህ ብትለቀው ያቺን ኤለንን እንዳደረጓት ልታደርጋት ነው። ድምፁ የአንዷ፣ ፊቱ የሌላ።

የቆጪ ልጅ፦
ሽፋኑ ላይ በእጅ የተጻፈ ስም አለ አልኩሽ እኮ። እሱን እጽፋለሁ።

አዲስ ገቢ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እስካሁን ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። ሽፋኑ ላይ ያለው የእናቴ ስም ነው፣ ጽሑፉም የራሷ። ደህና ናት፣ ጅሬን በኩል ነው የምንኖረው። ካሴቱን ለማን እንዳዋሰችው ጠፍቶባት ስንት ዓመት ስትፈልገው ነበር።

አንድ ነገር ላርም። ሳይድ ቢ ላይ ሦስተኛውን ዘፈን የዘፈነችው እሷ አይደለችም፣ አክስቴ ናት። ያን ቀን እናቴን ጉንፋን ይዟት ነበር። ከኋላ የምታስለው እሷ ናት። የአክስቴን ስም እስከዛሬ የጻፈው ሰው የለም።

የቆጪ ልጅ፦
አልጫንኩትም። የሁለቱንም ስም በውስጥ ላኪልኝ። ካሴቱን ራሴ ይዤላችሁ እመጣለሁ።

አዲስ ገቢ፦
እሁድ ና፣ ቡና ይፈላል። እናቴ ትሰማውና እሺ ካለች ትጭነዋለህ። እምቢ ካለች ይቀራል።

አጂፕ ሰፈር፦
እምቢ ካለችስ? ለሻጋታ እንስጠው?

ሂርማታ፦
ይገለበጥና ለልጇ ይሰጣል። አንተ ባትሰማው ምን ይቀርብሃል?

አጂፕ ሰፈር፦
ብዙ። ይልቅ ዶሮው የማን ነበር?

አዲስ ገቢ፦
የጎረቤት። እናቴ እስከዛሬ ትረግመዋለች።