«አሐዱ አብ ቅዱስ» ከየት መጣ? ምንጩና በጣና ብራናዎች የሚፈለግበት መንገድ

ባሕረ ጣና (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ባሕር ዳር ለሰንበት ትምህርት ቤታችን ጉባኤ «አሐዱ አብ ቅዱስ፣ አሐዱ ወልድ ቅዱስ፣ አሐዱ ውእቱ መንፈስ ቅዱስ» ስለሚለው ጸሎት ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። አንዱ «ቅዱስ ያሬድ ጣና ቂርቆስ ሳለ የደረሰው ነው» ይላል፤ ሌላው «ከኦሪቱ ስማዕ እስራኤል የወጣ ነው»፤ «ከግብፅ ነው የመጣው» የሚልም አለ። የቱ ነው ማስረጃ ያለው? ከደሴቶቹ መጻሕፍት ጋር ለማመሳከርስ ከምን ልጀምር? ሴት ስለሆንኩ ወንዶች ብቻ ወደሚገቡባቸው የጣና ደሴት ገዳማት፣ ወደ ክብራንና ዳጋ፣ መግባት አልችልም።

ነጽር፦
እኅቴ፣ ከሁሉ በፊት ጸሎቱ በቅዳሴ ውስጥ ሁለት ቦታ እንዳለ ለይተሽ ያዢ። አንደኛው በመግቢያው ሥርዓት፣ ሁለተኛው ከቁርባን በፊት ነው። ታሪካቸው የተለያየ ነው፤ ክርክሩ የሚወሳሰበውም ሁለቱ ሲደባለቁ ነው።

ጥንታዊው ሁለተኛው ነው። ዲያቆኑ «ነጽር» ይላል፣ ካህኑ «ቅድሳት ለቅዱሳን»፣ ሕዝቡም «አሐዱ አብ ቅዱስ…» ብሎ ይመልሳል። በቄርሎስ ዘኢየሩሳሌም ስም በሚጠራው የ4ኛው መቶ ዘመን ትምህርት ላይ የካህኑ ቃል ይኸው ሆኖ የሕዝቡ መልስ ግን «አንድ ቅዱስ፣ አንድ ጌታ፣ ኢየሱስ ክርስቶስ» ነው። ግሪኮች እስከ ዛሬ እንዲህ ይመልሳሉ። ሦስቱን አካላት በስም የሚጠራውን መልስ ደግሞ በ428 (እ.ኤ.አ.) በሞተው በቴዎድሮስ ዘመፍሱስጥያ ትምህርት ውስጥ እናገኘዋለን። ቤተ ክርስቲያናችን ሰውዬውን ታወግዘዋለች፤ ትክክልም ናት። ነገር ግን በዘመኑ ሕዝቡ ምን ይመልስ እንደነበር መመስከሩ ትምህርቱን መቀበል አይደለም። በእኛው «ሲኖዶስ» በተባለው የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት መጽሐፍም መልሱ ቃል በቃል አለ፤ ቅዳሴ ሐዋርያት የቆመው በዚያ ላይ ነው።

ስለዚህ ቃሉ ከ6ኛው መቶ ዘመኑ ያሬድ ይቀድማል። ትውፊታችን ለያሬድ የሚሰጠው ዜማውን ነው፤ ያንን ክብር ለመጠበቅ የቃሉንም ደራሲ ማድረግ አያስፈልግም።

ምሥጢሩን የምትጽፊ ከሆነ ከጥሪውና ከመልሱ ጀምሪ። ካህኑ «ቅዱሱ ነገር ለቅዱሳን ነው» ሲል ሕዝቡ «እኛ ቅዱሳን ነን» አይልም፤ ቅድስናውን ለባሕርይ ባለቤቱ ይመልሳል። ሰው ቅዱስ የሚባለው በጸጋ ነው። ሦስት ጊዜ «አሐዱ» መባሉም ሦስት አማልክት መቁጠር አይደለም፦ በስም፣ በአካል፣ በግብር ሦስት፤ በባሕርይ፣ በመለኮት፣ በህልውና አንድ። ሊቃውንቱ አብን ልብ፣ ወልድን ቃል፣ መንፈስ ቅዱስን እስትንፋስ ብለው የሚያስተምሩት ለዚህ ነው። ይህን ክፍል አታሳጥሪው፤ የጽሑፍሽ ልብ እሱ ነው።

ዘመንበረ ማርቆስ፦
የነጽርን ልሙላ። «ከግብፅ መጣ» የሚለው በመግቢያው ላለው ቦታ ጠንካራ ማስረጃ አለው። በእኛ ካህኑ «አሐዱ አብ ቅዱስ…» ካለ በኋላ ሕዝቡ «በአማን አብ ቅዱስ…» ይላል፤ ወዲያው መዝሙር 116 ይከተላል፦ «ሰብሕዎ ለእግዚአብሔር ኵልክሙ አሕዛብ»። የቅብጦችን (የግብፅ ክርስቲያኖችን) ቅዳሴ ብታዪ በመሥዋዕቱ ዝግጅት ላይ «አንድ ነው ፍጹም ቅዱስ አብ…» ይልና ያንኑ መዝሙር ያስከትላል። ቃሉ ብቻ ቢመሳሰል «ሁለቱም ከጥንት የወረሱት ነው» ይባል ነበር። ጸሎቱ፣ መዝሙሩና ቦታው አንድ ላይ ሲገጥሙ ግን ሥርዓቱ የእስክንድርያ ለመሆኑ ጥሩ ምስክር ነው።

ስለ «ስማዕ እስራኤል» (ዘዳግም 6፥4)፦ የእምነቱ ሥር ነው፤ ጌታም በማርቆስ 12፥29 ጠቅሶታል። የዚህ ጸሎት የቃል ምንጭ ግን አይደለም። ዘዳግም ስለ አንድነት እንጂ ስለ ቅድስና አይናገርም፤ የኢሳይያስ 6፥3 «ቅዱስ ቅዱስ ቅዱስ» ይበልጥ ይቀርበዋል።

ቀይ ቀለም፦
ወደ ብራናው ልምጣ። ክብራንና ዳጋ አለመግባትሽ ሥራሽን አያስቆመውም። ጀርመናዊው ኤርንስት ሐመርሽሚት በ1960ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) የደሴቶቹን መጻሕፍት በፎቶግራፍ አንሥቷል። የክብራን ገብርኤል ዝርዝር በ1973፣ የደብረ ማርያምና የሬማ በ1977፣ የዳጋ እስጢፋኖስ ደግሞ በ1999 በሌላ ባለሙያ ታትሟል። መጀመሪያ ከዝርዝሩ መጽሐፈ ቅዳሴ፣ ሲኖዶስና መጽሐፈ ኪዳን የያዙትን ለይተሽ ቁጥራቸውን መዝግቢ።

ገጹን ስታገኚ በቀይ የተጻፉትን «ይበል ካህን»፣ «ይበል ዲያቆን»፣ «ይበሉ ሕዝብ» የሚሉትን ተከተይ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፦ ሁሉም በቃሉ የሚያውቀውን መልስ ጸሐፊው በሁለት ሦስት ቃል ቆርጦ ያልፈዋል። «አሐዱ አብ» ብቻ ካየሽ ጸሎቱ አለ ማለት ነው።

ዘመኑን ለመገመት በቅዳሴው ውስጥ የሚጠሩትን የንጉሡን፣ የእስክንድርያውን ሊቀ ጳጳሳትና የጳጳሱን ስም አጋጥሚ። ሦስቱ አብረው የነበሩበት ጊዜ ጠባብ ስለሆነ ከአንዱ ስም ይልቅ ይረዳል። ስሙ ተፍቆ በላዩ ሌላ ከተጻፈ ግን የሚነግርሽ የኋላውን ተጠቃሚ ዘመን ነው። ከመስመሩ በላይ የዜማ ምልክት ካለም አትቸኩዪ፤ ምልክቱን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን (1540–1559 እ.ኤ.አ.) እንደጀመሩት ይነገራል፤ በቀደመ ብራና ላይም በኋላ ሊጨመር ይችላል።

ባሕረ ጣና፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ ልጨምር፦ በአሮጌ ቅዳሴ ላይ የመግቢያው «አሐዱ አብ ቅዱስ» ባይገኝ «ያኔ አልነበረም» ማለት እችላለሁ?

ቀይ ቀለም፦
በአንድ መጽሐፍ ብቻ አይቻልም። በመጀመሪያ የሚጠፋው የፊተኛው ጥራዝ (አብረው የታጠፉና የተሰፉ ቅጠሎች) ነው፤ የመግቢያው ሥርዓት ያለውም እዚያ ነው። ስፌቱን እይ፣ የጥራዞቹን ቁጥር እይ። መጽሐፉ በቀጥታ ከፍሬ ቅዳሴው (ከመግቢያው ሥርዓት በኋላ ከሚመጣው ዋናው ክፍል) የሚጀምርና ፊተኛው ገጽ ሙሉ የሆነ እንደሆነ ግን ጸሐፊው ሥርዓቱን ለብቻ ጽፎት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ገዳም ሌላ መጽሐፍ ፈልጊ። ዘጌ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ሴት ስለምትገባ አካሄዱን እዚያ ካሉ አባቶች ጠይቂ፤ ከሀገረ ስብከቱ ደብዳቤ ይዘሽ ሂጂ፣ ፎቶ ከተፈቀደልሽም ያለ ፍላሽ ይሁን።