ለአባቴ የጣሊያን የቀለም ብዕር ልገዛ ነው፦ አውሮራ፣ ቪስኮንቲ ወይስ አሮጌ ኦማስ? ጠቁሙኝ

ሚላኖ_ነኝ፦ ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ ዘንድሮ ጡረታ ይወጣል። ዕድሜውን ሙሉ አስተማሪ ነው፣ እስካሁን ማስታወሻውን የሚይዘው በእጁ ነው። ወደ አዲስ አበባ ስሄድ ጥሩ የጣሊያን የቀለም ብዕር ልወስድለት አስቤ ሦስት ላይ ቆሜያለሁ። የቶሪኖው አውሮራ፣ የፍሎረንሱ ቪስኮንቲ፣ ሦስተኛው ደግሞ አንድ ሰውዬ የሚሸጠው አሮጌ የቦሎኛ ኦማስ። እውነቱን ለመናገር ልቤ ኦማሱ ላይ ነው። የትኛው ያስተማምናል? ቢበላሽስ ማን ይጠግነዋል?

ሰማያዊ_ቀለም፦ ፔሊካን ግዢ።

ሚላኖ_ነኝ፦ እሱ የጀርመን ነው እኮ ወንድሜ፣ የጣሊያን ነው ያልኩት።

ሰማያዊ_ቀለም፦ ገብቶኛል። ፔሊካን ይሻላል። አጎቴ ከተማሪነቱ ጀምሮ ይዞታል፣ ዛሬም ይጽፍበታል።

የቶሪኖ_ልጅ፦ እህቴ አውሮራን ውሰጂ፣ ሌላውን ተዪው። እዚሁ እኔ ያለሁበት ከተማ ነው የሚሠራው። በፈረንጆቹ 1919 ኢሳያ ሌቪ የሚባል የጨርቅ ነጋዴ አቋቋመው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፋብሪካው በቦምብ ተመታና ከከተማው ዳር አባዲያ ዲ ስቱራ ወደሚባል ቦታ ሄዱ፣ እስከ ዛሬ እዚያው ናቸው። አሁን አጠገቡ የጽሕፈት ሙዚየምም አለ። ስማቸውን ያስጠራው በ1947 የወጣው 88 የሚባለው ብዕር ነው። ንድፉ የማርቼሎ ኒዞሊ ነው፣ የኦሊቬቲን የጽሕፈት መኪናዎች የነደፈው ሰውዬ። በ1970 ማርኮ ዛኑሶ የነደፈው ሀስቲል ደግሞ ቀጭን የብረት ብዕር ነው፣ ኒውዮርክ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ውስጥ ገብቷል። ከሁሉ በላይ የወርቅ ጫፉን ራሳቸው ናቸው የሚሠሩት፣ ብዙዎቹ ግን ከጀርመን ነው የሚያስመጡት።

ኦፕቲማ የሚባለውን ብትወስጂለት ቀለሙ ሲያልቅ ፒስተኑን፣ ማለትም ቀለም የሚስበውን ክፍል፣ እስከ መጨረሻ ያዙረው። ውስጥ የተደበቀች ትርፍ ቀለም አለች፣ የጀመረውን ገጽ ታስጨርሰዋለች። ጫፉ ወረቀት ላይ ትንሽ ይሰማል፣ ልክ እንደ እርሳስ። እኔ እሱን ነው የምወደው።

ተቃጥያለሁ፦ ከየትም ግዢ፣ ከኢንተርኔት ብቻ እንዳትገዢ! ለወንድሜ ሠርግ ብዬ አንድ ውድ ብዕር አዘዝኩ፣ ሱቁንም ብዕሩንም ስም አልጠራም። ክዳኑን ስከፍት የጫፉ ሁለት ክንፎች ተለያይተዋል፣ አንደኛው ወደ ላይ ቀና ብሏል። ፎቶ ላክ አሉኝ፣ ላክሁ። ሌላ ፎቶ ላክ አሉኝ፣ ላክሁ። በመጨረሻ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው፣ «አንተ ራስህ ጥለኸው ነው»! ገንዘቤም ቀረ፣ ሠርጉም አለፈ።

አንባቢ፦ ኧረ ስሙን ጥራው! ሌላው ሰው ለምን ይበላ?

ተቃጥያለሁ፦ አልጠራም አልኩ። ክርክር ሰልችቶኛል።

ደብረ_ዘይት፦ እኔም ጫማ አዝዤ ሁለቱም የግራ መጥተውልኛል። ገንዘቤን ለማስመለስ ያየሁት መከራ!

አንባቢ፦ እንዴት አስመለስሽ? ለባንክ አመልክተሽ ነው?

ደብረ_ዘይት፦ አዎ፣ በካርድ ስለከፈልኩ ባንኩ ነው የመለሰልኝ። በሐዋላ ለማያውቁት ሰው አትላኩ።

ቢክ_ይበቃል፦ ይህን ሁሉ ብር ከፍላችሁ ሐሳቡንም ብዕሩ ነው የሚያመጣው? የእኔ ቢክ ክንፉ ተለያይቶ አያውቅም።

መቃ፦ የእህታችን ጥያቄ ጠፋ እኮ። ልመልስ።

ኦማስን እኔም እወደዋለሁ። አርማንዶ ሲሞኒ በ1925 ቦሎኛ ላይ የመሠረተው ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው)፣ ከሴሉሎይድ፣ ከድሮ ዓይነት ፕላስቲክ፣ የተሠሩ ባለ 12 ጎን ብዕሮቹን የሚያህል አልወጣም። ግን ታሪኩን እስከ መጨረሻው አንብቢው። ከቤተሰቡ እጅ ወጥቶ በ2000 ኤልቪኤምኤች የሚባለው የፈረንሳይ የቅንጦት ዕቃ ኩባንያ ገዛው፣ ቀጥሎ ወደ ቻይና ባለሀብቶች ዞረ፣ በ2016 ተዘጋ። ስለዚህ ፒስተኑ ቢሰበር ፋብሪካው ይጠግነዋል ብለሽ አትገዢ፣ አሮጌ ብዕር የሚጠግን ባለሙያ መፈለግ አለብሽ። አዲስ አበባ ላይ ሆኖ ያ ለአባትሽ ጣጣ ነው። አሮጌ ሴሉሎይድ ደግሞ ይሸበሸባል፣ ይሰነጠቃል፣ ሳታዪው አትክፈዪ።

ዴልታ የሚባለው ሌላው የጣሊያን ብዕር ሠሪም በኔፕልስ አጠገብ በ1982 ተቋቁሞ በ2017 ተዘግቷል፣ ከመሥራቾቹ የአንዱ ልጆች ናቸው በኋላ ሊዮናርዶ የሚባለውን ብዕር ሠሪ የከፈቱት። ሞንቴግራፓ በ1912 ሰሜን ጣሊያን ባሳኖ ላይ የተጀመረ አንጋፋ ብዕር ሠሪ ነው፣ እሱም ሪሽሞንት ለሚባለው የስዊስ የቅንጦት ዕቃ ኩባንያ ተሸጦ በ2009 ወደ አኩዊላ ቤተሰብ ተመለሰ። ቪስኮንቲ የ1988 ልጅ ነው። ሆሞ ሳፒየንስ የሚባለው ብዕሩ ከኤትና እሳተ ገሞራ ድንጋይ ጋር ተቀላቅሎ ነው የተሠራው፣ ሲይዙት እጅን አያላብም፣ ግን ከባድ ነው።

እኔ ብሆን አውሮራን እገዛ ነበር። ምክንያቴ የዕድሜው ትልቅነት አይደለም። ጫፉን የሚሠራው ቤት ዛሬም ክፍት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ አባትሽ የሚጽፉት በአማርኛ ከሆነ ቀጭን ጫፍ ውሰጂላቸው። ሰፊ ጫፍ ላይ የ«ቤ» እግር ቀለበቷ በቀለም ትሞላና «ቢ» ትመስላለች።

የቶሪኖ_ልጅ፦ አላልኩም? አውሮራ!

ሰማያዊ_ቀለም፦ ፔሊካንም ጫፉን ራሱ ይሠራል።

መቃ፦ ይሠራል ወንድሜ፣ ግን እሷ የጠየቀችው ሌላ ነው። አንድ የረሳሁት፣ አውሮፕላን ላይ ብዕሩን ባዶውን ያዢው። ግማሽ ቀለም ካለው ወደ ላይ ስትወጡ ውስጡ ያለው አየር ይሰፋና ቀለሙን በጫፉ በኩል ገፍቶ ያስወጣዋል።

የቶሪኖ_ልጅ፦ አውሮራ አያፈስም።

መቃ፦ የአየር ጉዳይ ነው፣ ስም አይመርጥም።

የቶሪኖ_ልጅ፦ የእኔ አፍስሶ አያውቅም።

ሚላኖ_ነኝ፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ በጣም ረዳችሁኝ። አባቴ ግራኝ ነው፣ ችግር አለው?

መቃ፦ የለውም። እጃቸው የጻፉትን እንዳይፈገፍግ ቶሎ የሚደርቅ ቀለም ይፈልጉ። ቀጭን ጫፍ ለዚህም ይጠቅማል፣ ትንሽ ቀለም ነው የሚያወርደው።

ደብረ_ዘይት፦ ቀለሙ ካለቀ ብራና ጸሐፊዎች የሚያዘጋጁት ጥቁር ቀለም አይሆንም? አያልቅም፣ አይለቅም።

መቃ፦ በፍጹም! እሱ ጥላሸት አለበት፣ የሚሠራውም ለመቃ ብዕር ነው። እንዲህ ዓይነት ብዕር ውስጥ ከደረቀ ቀለም የሚወርድበትን ቀጭን ቦይ ይደፍነዋል። ለቀለም ብዕር ተብሎ የተሠራ ብቻ። ሁለት ጠርሙስ ከዚያው ይዘሽ ሂጂ፣ ሻንጣ ውስጥ በላስቲክ ጠቅልለሽ።

አንባቢ፦ አዲስ አበባ ላይ ይህን ቀለም የሚሸጥ የሚያውቅ አለ? እኔም እፈልጋለሁ።

ተቃጥያለሁ፦ ከኢንተርኔት እንዳታዝ ብቻ።