ጥቆማ፦ የሳይክል ካቴና ሰም ቤት ውስጥ መሥራት፣ ምን ዓይነት ሰም? በምን ላቅልጠው?

ዳገት ወዳዷ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ዘይት ሰልችቶኛል። ካቴናው ሁሌ ጥቁር፣ ሱሪዬም ሁሌ ጥቁር። ወደ ሰም ልዞር ነው፤ የተዘጋጀውን ከምገዛ ፓራፊን አቅልጬ ራሴ ልሥራው ብያለሁ። የትኛውን ሰም ትጠቁሙኛላችሁ? ቤቱን ሳላቃጥልስ በምን ላቅልጠው? ያለኝ የጋዝ ምድጃና አሮጌ ድስት ነው። ቤት ውስጥ ልጆች ስላሉ "እኔ እንዲሁ እሳት ላይ ጥጄ ምንም አልሆንኩም" የሚል መልስ አይጠቅመኝም።

የድሮ ፔዳል፦
እኔ እንዲሁ እሳት ላይ ጥጄ ምንም አልሆንኩም።

ነፋስ በፊቴ፦
ለምን ትደክሚያለሽ? ስኩዊርት ግዢና ጠብ ጠብ አድርጊበት። ሰም በውሃ ተበጥብጦ የተዘጋጀ ነው፤ እሳትም ድስትም አይፈልግም። ማታ ቀብተሽው ታድሪያለሽ፣ ውሃው ተኖ ሰሙ ይቀራል። ቀብቶ ወዲያው የሚነዳ ሰው ነው "አይሠራም" እያለ የሚያወራው።

ዳገት ወዳዷ፦
አመሰግናለሁ፣ ግን ጥያቄዬ ራሴ ስለምሠራው ነው።

ሰኞ ጠዋት፦
እህቴ ከሰም ራቂ! እኔ አዲስ ካቴና ገዛሁ፤ የገዛሁበት ሱቅ "በሰም ነክረን እንሰጥሃለን" ሲለኝ ተውኩላቸው። ሲመልሱልኝ ነጭ ሆኖ ሲያዩት ደስ ይላል። ገና ብዙ ሳልሄድ ሰሙ ቅርፊት ቅርፊት እየሆነ ረገፈ፣ ከዚያ ሲጢጥ ሲጢጥ ጀመረ። በነጭ ወረቀት ጠረግ ባደርገው ቡናማ ቅባት ለቀቀ። ለካ የፋብሪካውን ግሪስ ሳያነሱ ላዩ ላይ ሰም ለብጠውበታል! ይዤ ስሄድ ደግሞ "ዝናብ ላይ ነድተኸዋል" አሉኝ። በዚያ ሳምንት አንድ ጠብታ አልጣለም።

ጎማ ንፋ፦
የትኛው ሱቅ ነው? ንገረንና እንወቀው።

ሰኞ ጠዋት፦
ስም አልጠራም፣ ከሰው ጋር መካሰስ አልፈልግም። ግን ሰም የሚባል ነገር ለእኔ አብቅቷል።

የድሮ ፔዳል፦
እኔ የምሄድበት ሱቅ እንዲህ ያለ ነገር በፍጹም አያደርግም።

ዝም ብዬ አላፊ፦
የሱቁ ስም ሳይጠራ ያንተ ሱቅ አለመሆኑን በምን አወቅህ?

የድሮ ፔዳል፦
ባለቤቱን አውቀዋለኋ! ደግሞ እሱ ሰም የሚባል አይነካም፤ ጥሩ የሞተር ዘይት ነው የሚቀባልኝ። ካቴናዬ እንደ አዲስ ነው።

ቁልፍ 15፦
ወደ ጥያቄዋ እንመለስ፣ ልጆች አሉ ብላለች እኮ።

ዳገት ወዳዷ፣ ከሰሙ ዓይነት ይልቅ የማቅለጫው ነገር ያስጨንቅሽ። የተጣራ ፓራፊን ብዙውን ጊዜ ከ50 እስከ 65 ዲግሪ ባለው ይቀልጣል፤ ስለዚህ ኃይለኛ እሳት ከናካቴው አያስፈልግሽም። አደጋው ከመጠን በላይ ሲሞቅ ነው። ወደ 200 ዲግሪ ሲጠጋ የሚወጣው ተን እሳት ሊይዝ ይችላል፤ ድስት በቀጥታ ነበልባል ላይ ተጥዶ ለአፍታ ከተረሳ ደግሞ እዚያ ለመድረስ ጊዜ አይፈጅበትም። ፓራፊን እንደ ውሃ ፈልቶ አያስጠነቅቅሽም። ጸጥ ብሎ ነው የሚግለው።

የተሻለው በኤሌክትሪክ ቀስ ብሎ የሚያበስል፣ ሙቀቱ የተወሰነ ድስት ነው። እሱ ከሌለ በውሃ ላይ አቅልጪ፤ ውሃ ከ100 ዲግሪ ስለማያልፍ በውስጡ የተቀመጠው ሰምም አያልፍም። በጋዝ ከሆነ ግን ውሃውን አፍይና ምድጃውን አጥፊ፣ ድስቱን አውርጂ፣ የሰሙን ቆርቆሮ ውሃው ውስጥ ያኔ አስገቢ። ሲቀዘቅዝ ውሃውን ቀይሪ። ትንሽ ያንቀረፍፋል፣ ነገር ግን ነበልባልና ሰም አንድ ላይ አይገናኙም። ውሃው ወደ ሰሙ እንዳይረጭ ቆርቆሮው ረዘም ያለ ይሁን።

አንድ ነገር ቤቱ ውስጥ ላሉት ሁሉ ንገሪያቸው፦ ሰም እሳት ከያዘ ውሃ አይደፋበትም። ውሃው ከሥር ገብቶ በቅጽበት እንፋሎት ይሆንና የሚነደውን ሰም ወደ ላይ ይረጨዋል። የሚገጥም የብረት ክዳን አጠገብሽ ይኑር፤ ከደን አድርጎ የሙቀቱን ምንጭ ማጥፋት፣ ከዚያ እስኪቀዘቅዝ አለመክፈት። ቆዳ ላይ ከፈሰሰ ለ20 ደቂቃ ያህል ቀዝቃዛ የቧንቧ ውሃ ይውረድበት፤ የተጣበቀውን ሰም በግድ አትላጪው።

ነፋስ በፊቴ፦
ለዚህ ነው ስኩዊርት ያልኩት።

ሞተር ነጂ፦
ይሄ ነገር ለሞተር ሳይክል ካቴና ይሆናል? የእኔ በጣም ይጮኻል።

ጎማ ንፋ፦
ሰም ካነሳን አይቀር የመኪና ማብረቂያ ሰም ለሳይክል ፍሬም በጣም አሪፍ ነው። ጭቃ አይዝም።

ዝም ብዬ አላፊ፦
ጥያቄው ስለ ካቴና፣ መልሱ ስለ ፍሬም። ቀጥሎ ስለ ኮርቻ የሚነግረን ይመጣል።

ሰኞ ጠዋት፦
ቁልፍ 15፣ ሁሉም ጥሩ ነው፤ ያ ሱቅም እንዳንተ ቆንጆ አድርጎ ነበር የሚያወራው። ለምን እንደረገፈ ንገረኝ እስቲ።

ቁልፍ 15፦
ራስህ መልሰኸዋል፤ ወረቀቱ ላይ ቡናማ ቅባት አየህ። አዲስ ካቴና ከፋብሪካ የሚወጣው እንዳይዝግ ግሪስ ተደርጎበት ነው። ግሪሱ ፒኑና ሮለሩ መካከል ካለ ሰም የሚይዝበት ብረት አያገኝም። የጠፋው ሥራው ነው፣ በሰሙ አትፍረድ።

ማጽዳቱ ላይ ደግሞ ሌላ አደጋ አለ። ቤንዚን የሚጠቀሙ አውቃለሁ፤ እባካችሁ ተዉት። ተኑ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ለወለል ሄዶ ራቅ ያለ እሳት ያገኛል። ናፍጣ ያጸዳል፣ ግን ራሱ ቅባት ጥሎ ይሄዳል። ካቴናውን ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ በቀለም ማቅጠኛ ነጭ ስፒሪት ናጡት፣ ፈሳሹ እስኪጠራ ደጋግሙ፣ መጨረሻ ላይ ቅባቱን ለማንሳት በአልኮል እጠቡት። ይሄ ሁሉ ውጭ፣ ጓንት አድርጎ፣ እሳትም ሲጋራም በሌለበት። ከዚያ ካቴናው ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ወደ ሰም አይገባም። የማቅለጡ ሥራ በሌላ ቀን ቢሆን ይመረጣል፤ የማሟሚያው ሽታ ባለበት ክፍል ምድጃ አይለኮስም።

ዳገት ወዳዷ፦
ይሄ ነበር የጎደለኝ። ሻማ ባቀልጥስ? የንብ ሰምም አለኝ።

የሰንበት ጋላቢ፦
የንብ ሰም ይጣበቃል፣ አቧራ ይሰበስባል፤ ከዘይቱ በምን ተሻለ? ሻማ ደግሞ ቀለምና ሽቶ ያለበት ከሆነ ምን እንደተቀላቀለበት አይታወቅም። ነጭ፣ ሽታ የሌለው፣ የተጣራ ፓራፊን ፈልጊ። ግማሽ ኪሎ ለብዙ ጊዜ ይበቃል። አንዳንዶች ሞሊብዲነም ዳይሰልፋይድ የሚባል ጥቁር ዱቄት ይጨምራሉ፤ ያለሱም ይሠራል፣ ዱቄቱ ወደ ሳንባ ባይገባ ደግሞ ይመረጣል። የቴፍሎን ዱቄት የሚጨምሩም አሉ፤ ከ260 ዲግሪ በላይ ሲግል መርዘኛ ጭስ ማውጣት ስለሚጀምር እኔ ልጆች ባሉበት ቤት አላስገባውም።

አነካከሩን ላንሳ፦ ካቴናውን በሁለቱም ጫፍ ሽቦ አስገቢበት፣ እንዳይሰምጥብሽ። ሰሙ ወደ 90 ዲግሪ ሲሆን አስገቢና ሽቦውን ይዘሽ ቀስ እያልሽ አወዛውዢው። ከሮለሮቹ ውስጥ ደቃቅ አረፋ ይወጣል። የታመቀው አየር ነው፤ አረፋው እስኪቆም ጠብቂ። ወዲያው አታውጪው። ሙቀቱ ወደ 70 ሲወርድና ጠርዝ ጠርዙ ላይ ስስ ቆዳ መያዝ ሲጀምር አንሥተሽ ስቀይው፣ ብዙ ሰም ይዞ ይወጣል። ሲቀዘቅዝ እንደ ዱላ ይደርቃል፣ አትደንግጪ። በቧንቧ ወይም በክብ እንጨት ላይ እየጎተትሽ ቀለበቶቹን አንድ በአንድ አላቂያቸው፣ ከዚያ ትገጥሚዋለሽ። ቴርሞሜትር ግዴታ ነው፣ በዓይን ግምት አይሆንም።

የድሮ ፔዳል፦
ይሄን ሁሉ ለካቴና? መካኒኬ በአምስት ደቂቃ ዘይት ቀብቶ ይሸኘኛል።

የሰንበት ጋላቢ፦
አውስትራሊያ ያለው ዜሮ ፍሪክሽን ሳይክሊንግ ስንቱን ቅባት በማሽን እያስኬደ የካቴና መበላትን ለክቷል። በሰም የተነከሩት ከፊት ከሚሰለፉት ናቸው፤ ዘይት አቧራውን ይዞ እንደ ሞረድ ነው የሚሆነው።

የድሮ ፔዳል፦
አውስትራሊያ መካኒኬን አያውቀውም።

ዝም ብዬ አላፊ፦
ይሄን ከሰማሁ በኋላ ምርምሩ ሁሉ ይቁም። መካኒኩ ይመረመር።

ቁልፍ 15፦
መጨቃጨቅ አያስፈልግም፣ ማስመሪያ አምጣ። አዲስ ካቴና ላይ ከአንድ ፒን መሃል ጀምረህ 24 ፒን ስትቆጥር ርቀቱ 30.48 ሳንቲ ሜትር ነው። ያንተ 30.63 ደርሶ ከሆነ በግማሽ ከመቶ ተስቧል ማለት ነው፤ ባለ 11 ወይም ባለ 12 ማርሽ ላይ ያ የመቀየሪያው ሰዓት ነው፣ አለዚያ ካሴቱን፣ ማለትም የኋላውን የጥርስ ስብስብ፣ ይበላዋል።

የድሮ ፔዳል፦
መለካት ምን ያደርግልኛል? እጁን አውቀዋለሁ።

ዳገት ወዳዷ፦
ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። ድስቱ በኋላ ለማብሰያ ይመለሳል? ሰሙስ በየስንት ጊዜው ነው?

የሰንበት ጋላቢ፦
ድስቱ አይመለስም፤ ምልክት አድርጊበትና ልጆች የማይደርሱበት አስቀምጪው። በደረቅ መንገድ በየ300 ኪሎ ሜትር አካባቢ እንደገና ይነከራል። ዝናብ ካገኘው ግን ያኑ ቀን አድርቀሽ ንከሪው፤ ሰም ዝገትን እንደ ዘይት አይከላከልም። ማሟሚያው የመጀመሪያ ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ የፈላ ውሃ ስታፈሺበት አሮጌው ሰም ከነአቧራው ይለቃል፣ ግን ያን ውሃ ወደ ማጠቢያ ቧንቧ አትድፊ፤ ውስጡ ረግቶ ይዘጋዋል። ይቀዝቅዝና ከላይ የረጋውን ሰም ሰብስበሽ ቆሻሻ ውስጥ ጣይው።

ሰኞ ጠዋት፦
እሺ፣ ማጽዳቱ ነው እንበል። ገንዘቤንስ ማን ይመልስልኛል?

ጎማ ንፋ፦
የሱቁን ስም በውስጥ ላክልኝ።

ነፋስ በፊቴ፦
ዳገት ወዳዷ፣ በመጨረሻ የቱን መረጥሽ? ስኩዊርት ነው አይደል?

የድሮ ፔዳል፦
መካኒኬን ጠየቅኩት። "ሰም ጥሩ ነው፣ ቴርሞሜትር ካለ" አለኝ። እሱ ካለ እሞክረዋለሁ።

ዝም ብዬ አላፊ፦
ቁልፍ 15፣ ያን ሁሉ የጻፍከው ለማን ነበር?

ሞተር ነጂ፦
የእኔን የመለሰልኝ የለም።

ቁልፍ 15፦
ሞተር ነጂ፣ ይቅርታ፣ አልፎኝ ነው። የአብዛኞቹ ሞተሮች ካቴና ኦ-ሪንግ የሚባል የጎማ ቀለበት አለው፤ ግሪሱ በፋብሪካ ውስጡ ታሽጎ ነው የሚመጣው። የቀለጠ ሰም ውስጥ አትንከረው፣ በጠንካራ ማሟሚያም አትጠበው፣ ቀለበቶቹ ይበላሻሉ። ለኦ-ሪንግ ይሆናል የሚል የተጻፈበትን የሞተር ካቴና ቅባት ተጠቀም። የሚጮኸው ደግሞ ከመጠን በላይ ስለጠበቀ ወይም ስለላላ ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ ውጥረቱን እይ።

ሞተር ነጂ፦
ኦ-ሪንግ ያለው መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ቁልፍ 15፦
ከጎን ጠጋ ብለህ ተመልከት፤ በውጪኛውና በውስጠኛው ሳህን መካከል፣ ፒኑ ዙሪያ ቀጭን ጥቁር የጎማ ቀለበት ይታይሃል። ሞተሩን አጥፍተህ ተመልከት።