ክርክር፦ ኤን-1 በ1974 መሰረዙ ልክ ነበር?

አወያይ፦ ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የሶቪየቱ የጨረቃ ሮኬት ኤን-1 ከ1969 እስከ 1972 አራት ጊዜ ተተኩሶ አራቴም ከሸፈ። በሜይ 1974 የሥራው ዋና ነዳፊ ሚሺን ተነሥቶ የሞተር ነዳፊው ግሉሽኮ በቦታው ሲሾም፣ ሁለት ሮኬቶች ለቀጣዩ ሙከራ እየተዘጋጁ ሳለ ሥራውን አስቆመው። ልክ ነበር?

ብሎክ ሀ፦ ልክ ነው። የመጀመሪያው እርከን ላይ 30 ሞተር! እያንዳንዱ 99 በመቶ አስተማማኝ ቢሆን እንኳ ሠላሳውም ሳይጎድሉ የመሥራታቸው ዕድል 74 በመቶ ነው። የአሜሪካኖቹ የጨረቃ ሮኬት ሳተርን 5 የሚነሣው በአምስት ሞተር ነበር።

ተርባይን፦ ስሌቱ አንድ ነገር ዘሏል። ሮኬቱ ሲነሣ 2,750 ቶን ገደማ ይመዝናል፣ ግፊቱ ደግሞ ከ4,500 ቶን ይበልጣል። አንድ ሞተር ሲታመም ኮርድ የሚባለው መቆጣጠሪያ ሚዛን እንዳይዛባ ከማዶ ያለውን አቻውንም ያጠፋል። ሁለት ጥንድ ጠፍቶበትም መብረር ይችላል።

ብሎክ ሀ፦ ያው ኮርድ አይደል ጁላይ 3 ቀን 1969 ጉድ የሠራው? የ8ኛው ሞተር የኦክስጅን ፓምፕ ፈነዳ፤ ኮርድ ከአንዱ በቀር ሁሉንም አጠፋ፤ ሮኬቱ ነዳጁን እንደተሸከመ መተኮሻው ላይ ተመልሶ ወደቀ።

ተርባይን፦ አልክድም። ጥፋቱ ግን ከፍተሻው ይጀምራል። የመጀመሪያው እርከን ሞተር የኤንኬ-15 ቫልቮች በባሩድ ፍንዳታ አንዴ ብቻ የሚሠሩ ስለነበሩ፣ የሚገጠመውን ሞተር ራሱን አስቀድሞ ማንደድ አይቻልም። ከስድስት ሁለቱ ነድደው ካለፉ የቀሩት አራቱ ይገጠማሉ፣ በቃ። ሠላሳውን አንድ ላይ መሬት ላይ አስሮ የሚፈትሽ መደብም ጊዜና ገንዘብ ለመቆጠብ ተብሎ አልተሠራም። አሜሪካኖቹ የእያንዳንዱን ሳተርን 5 የመጀመሪያ እርከን አስረው ያነድዱት ነበር።

ሐምሌ፦ ለዚህም ነው ሁሉን ነገር በበረራ የተማሩት። በ1971 ከግርጌው የተፈጠረ የጋዝ አዙሪት ሮኬቱን በራሱ ዙሪያ አሾረው፤ ለአራተኛው ማረሚያ ትንንሽ ሞተሮች ተጨመሩ። ኖቬምበር 23 ቀን 1972 ደግሞ በ90ኛው ሰከንድ እንደ ዕቅዱ መካከለኞቹ 6 ሞተሮች ጠፉ። የሚሮጥ ፈሳሽ በድንገት ሲዘጋበት ቧንቧውን እንደሚመታው የቧንቧ ሠራተኛ ሁሉ ያውቃል። መስመሮች ተቀደዱ፣ እሳት ተነሣ፣ በ107ኛው ሰከንድ ፈነዳ። እርከኑ ሥራውን ሊጨርስ 7 ሰከንድ ያህል ቀርቶት!

ብሎክ ሀ፦ ቢሳካስ? ጨረቃ ላይ የሚያርፈው መንኮራኩር ኤልካ 5.5 ቶን ገደማ ነው፣ የሚይዘው አንድ ሰው ብቻ። ከዋናው መንኮራኩር ወደ እሱ የሚሻገረውም በውጭ በኩል፣ በሕዋ ልብስ ነው፤ ሲመለስም እንዲሁ። የአሜሪካኖቹ የመጨረሻ የአፖሎ ጨረቃ ጉዞ አፖሎ 17 በዲሴምበር 1972 ተመልሷል። ማንን ለመቅደም?

ሐምሌ፦ እሱ ሌላ ጥያቄ ነው፣ ጥሩ ጥያቄም ነው። ግን የወሰነውን ሰው እይ። ከሚሺን በፊት የነበረው ዋና ነዳፊ ኮሮሌቭ ኬሮሲንና ፈሳሽ ኦክስጅን ሲፈልግ ግሉሽኮ መርዛማዎቹን ነዳጆች አልለቅም ብሎ ተጣሉ። ሥራው የአውሮፕላን ሞተር ይሠራ ለነበረው ለኩዝኔትሶቭ ተሰጠ፤ እሱም 150 ቶን ገደማ የሚገፋ ሞተር አቀረበ። ሠላሳው ከዚያ መጣ። በ1987 የግሉሽኮ ሮኬት ኤነርጂያ ሲነሣ የጎን ሮኬቶቹ በምን ይነድዱ ነበር? በኬሮሲንና ኦክስጅን።

ብሎክ ሀ፦ እሺ፣ ግሉሽኮን አልከላከልም። ግን መፈተሻ መደብ ሳይኖር አምስተኛ መተኮስ ያው ቁማር ነው።

ተርባይን፦ ያው አይደለም። አምስተኛው የሚይዘው ኤንኬ-33 የተባለውን አዲስ ሞተር ነበር፤ ደጋግሞ ስለሚነድ የሚገጠመው ራሱ ይፈተሻል።

ብሎክ ሀ፦ በኦክቶበር 2014 የአሜሪካኑን ሮኬት አንታሬስን ያፈነዳው እሱ አይደል?

ተርባይን፦ 40 ዓመት መጋዘን ከቆየ በኋላ! ከዚያ በፊት አንታሬስን አራት ጊዜ በደህና አንሥቷል። ደግሞም ሮኬቶቹ ተሠርተው አልቀዋል፤ ቢተኮሱ የሚጠፋው የነዳጁና የሠራተኛው ወጪ ነው። ሳይተኮሱ ተቆራረጡ፤ የነዳጅ ታንኮቻቸው ቁርጥራጭ በመተኮሻ ጣቢያው ባይኮኑር ውስጥ የመጠለያ ጣሪያ ሆነ።