ሰይጣን ያለበት የካርቱን ጌም ለ6 ዓመት ልጅ ይሆናል? የደሴና የኮምቦልቻ ሰዎች ክርክር

የሆጤው አባት

ሰላም ለሁላችሁ። ክረምት ነው፣ ትምህርት ቤት ተዘግቷል። ከጦሳ የሚወርደው ጉም ልጆቹን ከቤት አላስወጣ ብሏል። እኔም እስከዛሬ ስከለክለው የቆየሁትን ጌም ፈቀድኩ።

ሁለት ልጆች አሉኝ። ሴቷ 9 ዓመቷ ነው፣ ወንዱ 6 ሞልቶታል። አጎታቸው ከአዲስ አበባ መጥቶ ሲመለስ ፕሌይስቴሽኑን ትቶልን ሄደ። ልጆቹ ከውስጡ የወደዱት ኩፕሄድ የሚባለውን ነው። ጀግኖቹ ሁለት ወንድማማቾች ናቸው። በጭንቅላታቸው ፋንታ ስኒ ነው ያላቸው፣ ስኒው ውስጥ ደግሞ ስትሮ አለ። የሚያሳድጋቸው ሽማግሌ ራሱ ማንቆርቆሪያ ነው። ልጆቼ "አያ ጀበና" ብለውታል።

ሥዕሉ ያምራል። በ1930ዎቹ እንደነበሩት የአሜሪካ ካርቱኖች በእጅ የተሳለ ነው። ጃዝ ሙዚቃ አለው። የልጅ ነገር ነው ብዬ ተውኩት። ባለፈው ቅዳሜ ግን አብሬያቸው ተቀምጬ መግቢያውን አየሁ። ወንድማማቾቹ የሰይጣን ቁማር ቤት ይገባሉ። ደጋግመው ያሸንፋሉ። ከዚያ ሰይጣኑ ራሱ ይመጣና ውርርዱን ከፍ ያደርገዋል። ካሸነፉ የቁማር ቤቱ ገንዘብ በሙሉ የነሱ ነው። ከተሸነፉ ነፍሳቸውን ይወስዳል። ይሸነፋሉ። ነፍሳቸውን ለማትረፍ የሰይጣኑን ባለዕዳዎች እያሳደዱ የነፍሳቸውን ውል መሰብሰብ አለባቸው።

የአውሮፓው የዕድሜ ምልክት 7 ይላል። የአሜሪካው 10 እና ከዚያ በላይ ይላል። የትኛውን ልመን? ወይስ ሁለቱንም ትቼ ላጥፋው?

የአራዳዋ እናት

ወንድሜ፣ ምን ያጠያይቃል? አጥፋው። እኛ ቤት የሰይጣን ስም ሲነሳ "አዑዙ ቢላህ" ይባላል። ጎረቤቶቻችን ክርስቲያኖቹም ያማትባሉ። ልጅ ሰይጣንን እንደ መጫወቻ ሲያይ፣ ሲስቅለት፣ እኔ ዝም ብዬ ማየት አልችልም። በዚያ ላይ ቁማር አለበት። በየሰፈሩ የውርርድ ቤት ተከፍቶ ጎረምሶቻችን እዚያ ሲውሉ እያየን፣ 6 ዓመት ላይ ቁማር ቤትን በሙዚቃ አስጊጠን እናሳየው?

ኮምቦልቻ የሚማር ተማሪ

እኔ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ነው የምማረው። ጨዋታውን እስከ መጨረሻው ተጫውቼዋለሁ። እህቴ ስጋትሽ ይገባኛል። ግን ታሪኩ እስከ መጨረሻው ይሰማ።

ጨዋታው በ2017 የወጣ ነው። ስቱዲዮው የካናዳ ነው፣ ሁለት ወንድማማቾች የመሠረቱት። ለፕሌይስቴሽን የመጣው በ2020 ነው። ቁማሩን የሚያሞግስ ታሪክ አይደለም። ልጆቹ አንድ ቀን ስለቆመሩ የሰይጣን ተላላኪ ሆኑ፣ ታሪኩ ይኸው ነው። መጨረሻ ላይ ሰይጣኑ "ውሎቹን ስጠኝ" ይላል። ምርጫው የተጫዋቹ ነው። ከሰጠህ የሱ ወገን ሆነህ ትቀራለህ። እምቢ ካልክ ትዋጋዋለህ። ካሸነፍከው ውሎቹ ይቃጠላሉ፣ ባለዕዳዎቹ ሁሉ ነፃ ይወጣሉ።

ስለ ዕድሜ ቁጥሩ ልንገራችሁ። የአሜሪካው ድርጅት ኢኤስአርቢ ይባላል፣ በ1994 የተቋቋመ ነው። የአውሮፓው ፔጊ ነው፣ ከ2003 ጀምሮ ይሠራል። ሁለቱም የሚያዩት ደምን፣ ስድብን፣ መጠጥንና ሲጋራን፣ የሚያስፈሩ ትዕይንቶችን ነው። ኩፕሄድ ውስጥ ደም የለም። ጥይቱ ከጣት ጫፍ ነው የሚወጣው፣ የሚመታው ካሮት፣ ሽንኩርት፣ እንቁራሪት ነው። መጨረሻው አካባቢ ቁማር ቤቱ ውስጥ ሲጋራ የሆነ ጠላት አለ፣ የመጠጥ ብርጭቆ የሆኑም አሉ። ይህን አልደብቅም።

ቁጥሩ የማይነግራችሁ ግን አንድ ትልቅ ነገር አለ። ፔጊ ጨዋታው ከባድ ይሁን ቀላል አይመዝንም። ኩፕሄድ ደግሞ በጣም ከባድ ነው። ሦስት ጊዜ ከተመታህ አለቀልህ። ከአንዱ ጠላት ጋር እየተዋጋህ መሀል ላይ ማቆያ የለም፣ እንደገና ከመጀመሪያው ነው። መብራት ከጠፋማ ሁሉም ቀረ። "ቀላል" የሚል ምርጫ አለው። በዚያ ብታሸንፍ ግን ውሉን አይሰጥህም፣ ወደ መጨረሻው አያስገባህም።

የአራዳዋ እናት

መጨረሻው ጥሩ ነው አልክ። እዚያ መጨረሻ የሚደርስ ልጅ ስንት ነው? አንተ ራስህ ከባድ ነው ብለሃል። ልጁ መግቢያውን አይቶ፣ ሠላሳ ጊዜ ተሸንፎ ያጠፋዋል። ምክሩ መጨረሻ ላይ፣ ቁማር ቤቱ መጀመሪያ ላይ። ልጅ ይዞ የሚቀረው የትኛውን ነው?

ተማሪው

ይሄን አላሰብኩትም ነበር። ልክ ነሽ፣ መጨረሻውን የሚያየው ጥቂት ሰው ነው።

የቧንቧ ውሃዋ መምህርት

አንደኛ ክፍል ነው የማስተምረው። የልጁን እድሜ ስታስቡ የሚያየውንና የሚገባውን ለዩ። መግቢያው የተረት መጽሐፍ ነው፣ በእንግሊዝኛ ተጽፎ የሚገለጥ። የሚያነብ ድምፅ የለውም። የ6 ዓመት ልጅ "ሀ ሁ"ን እየቆጠረ ነው፣ ያንን አያነብም። ውሉም ነፍሱም ለሱ የሉም። እስኪ የሆጤው አባት፣ ልጅህን ታሪኩን ንገረኝ በለው። አታርመው፣ አታግዘው። የሚነግርህን ጻፍልን።

ሌላም ልጨምር። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ባወጣው መመሪያ ከ2 እስከ 4 ዓመት ያለ ልጅ ስክሪን ፊት በቀን ከ1 ሰዓት በላይ አይቀመጥ ይላል፣ ካነሰ ይሻላል ይላል። ልጅህ ከዚያ እድሜ አልፏል። ቤት ውስጥ ታናሽ ያላችሁ ግን አስቡበት። ታላቁ ሲጫወት ሕፃኑም አብሮ ያያል።

ጡረተኛው አያት

ልጆቼ፣ እኔም ልናገር። እኛ ልጆች ሳለን ማታ እሳት ዳር ተረት ይነገረን ነበር። አያ ጅቦ አህያዋን ሲበላት፣ ሰይጣን ሰው መስሎ መንገደኛ ሲያስት። በብይና በቆርኪም እንበላላ ነበር። ብይ ተበልቶ ያለቀሰ ልጅ ስንቱ ነው! እኔ ራሴ አልቅሻለሁ። ቁማርተኛ አልሆንኩም። በኮምቦልቻ ፋብሪካ ዕድሜዬን በሥራ ነው የጨረስኩት። ልጅን ከሚያስፈራ ነገር ሁሉ መጋረድ ይቻላል ብዬ አላምንም።

መምህርቷ

አባባ፣ እውነት ብለዋል። ግን እርስዎ አንድ ነገር ዘለሉ። ተረት የምትነግርዎ ሴት ዓይንዎን ታይ ነበር። ሲፈሩ ጅቡን ገደል ትከተዋለች፣ ሲያንቀላፉ ታሳጥረዋለች። ጨዋታው የልጁን ፊት አያይም። እንዲያውም ሲሸነፍ ጠላቱ ይሳለቅበታል። ልጆች አሳይተውኛል፣ እዚያው ፊቱን አውጥቶ ቃል ይወረውራል።

አያት

ይሄስ እውነት ነው ልጄ። እናቴ ጅቡን ሁሌ ገደል ነበር የምትከተው።

የሆጤው አባት

መምህርት ያልሽውን አደረግኩ። ያሰብኩት ሌላ፣ ያገኘሁት ሌላ።

መጀመሪያ ትልቋን ጠየቅኳት። "ሰይጣኑ አጭበርብሯቸዋል፣ እነሱም ስግብግብ ሆነዋል" አለች። አንብባ ሳይሆን ከሥዕሉ ገምታ። ሦስቱን ሕይወት ደግሞ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብላ ስም አውጥታላቸዋለች። "በረካ ላይ ነኝ፣ አትረብሹኝ" ስትል ግራ ይገባኝ ነበር። ለካ አንድ ምት ብቻ ቀርቷት ነው።

ወንዱን ጠየቅኩት። ሰይጣኑን "ቀንዳሙ ድመት" አለው። አይፈራውም። ቁማሩን ምን እንደሆነ አያውቅም፣ "ጠረጴዛ ላይ ይጫወታሉ" አለ። እኔ እፎይ ልል ነበር። ከዚያ "አበባውን ግን እፈራዋለሁ" አለኝ።

አበባ የሆነ ጠላት አለ። እየሳቀ እየጨፈረ ይጀምርና ድንገት ፊቱ ተለውጦ ጥርሱን ያወጣል። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ልጄ በጎረቤታችን አጥር በኩል ማለፍ አቁሟል። እዚያ አበባ ተተክሏል። ዞሮ በጭቃው በኩል ነው የሚሄደው። እኔ ጭቃ ወዶ መስሎኝ ስቆጣው ነበር። ይሄን ስጽፍ አሁንም ሆዴ ይባባል።

ለሰይጣን ስጨነቅ ልጄን የሚያባንነው የሚስቅ አበባ ነበር።

የአራዳዋ እናት

ወይ ልጄን! አልሃምዱሊላህ ተናገረልህ።

ተማሪው

ያ አበባ እኔንም አስደንግጦኛል፣ በ19 ዓመቴ። የፔጊ 7 ምልክት ራሱ ትንንሽ ልጆችን ሊያስፈራ የሚችል ነገር አለ ማለት ነው። ያንን ነው የሚያስጠነቅቀው። እኛ "ለ7 ዓመት የተፈቀደ" ብለን ብቻ ነው የምናነበው።

አንድ ነገር ለጨዋታው ልናገርለት። ለሁለት ሆነው ሲጫወቱ፣ አንዱ ሲሞት ነፍሱ ወደ ላይ እየተነሳች ትሄዳለች። ሌላው ዘሎ ከያዛት ትመለሳለች። እህትና ወንድም ይሄን ሲያደርጉ ማየት ደስ ይላል። እኔና ወንድሜ እርስ በርስ መረዳዳትን የተማርንበት ነው።

የሆጤው አባት

አይቻለሁ። ትልቋ የሱን ነፍስ ለመያዝ ስትል የራሷን ስትሰጥ። ያ ነው ማጥፋት ያሳዘነኝ።

የሸዋ በሩ የጌም ቤት ባለቤት

ሁላችሁንም አነበብኩ። የጌም ቤት ባለቤት ነኝ፣ ሦስት ፕሌይስቴሽን አለኝ። ይሄ የስኒ ጨዋታ እኔ ጋም አለ፣ ብዙ አይፈለግም። ልጆቹ የሚመጡት ለእግር ኳስ ነው። የሚገርመኝ፣ ወላጅ አንድ ቀን መጥቶ "ምን እየተጫወተ ነው?" ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። ገንዘብ ሰጥቶ ይልካል፣ ወይም ልጁ ተደብቆ ይመጣል። ዕድሜ ጠይቄ ብመልሰው ሌላ ቤት ይሄዳል። ጥፋቱ ሁሉ በኛ አይላከክ።

የአራዳዋ እናት

ወንድሜ፣ መጥቼ ባልጠይቅህ ጥፋቴ ነው። አሁን ልጠይቅህ። የ11 ዓመት ልጄ ከአንዱ ጌም ቤት፣ ያንተ ይሁን የሌላ አላውቅም፣ ባዶ ኪሱን እያለቀሰ መጣ። ለደብተር የሰጠሁት ብር ነው ያለቀው። ለካ "ተሸናፊ ይከፍላል" የሚባል ደንብ አለ። ሁለት ልጆች ይጋጠማሉ፣ የተሸነፈው የሁለቱንም ሂሳብ ይከፍላል። ይሸነፋል፣ ላስመልስ ብሎ ይደግማል። እንደገና ይሸነፋል።

እናንተ ስለ ካርቱኑ ቁማር ስታወሩ እኔ ይሄ ነው ሲመላለስብኝ የዋለው። የስኒዎቹ ታሪክ እኮ ይሄው ነው። ልጄ ግን በእውነተኛ ብር ነው የተጫወተው።

አያት

ብይ ሲበላን የምንከስረው ብይ ነበር። ይሄ የእናት ብር ነው። የቅድሙን ንግግሬን መልሻለሁ።

የጌም ቤቱ ባለቤት

እህቴ፣ አልክድሽም። እኔ ጋም አለ። ደንቡን እኔ አላወጣሁትም፣ ልጆቹ ራሳቸው ይስማማሉ። ግን ሂሳቡን የምቀበለው እኔ ነኝ። የሚያለቅስ ልጅ ብር ተቀብዬ አውቃለሁ። "ላስመልስ" ሲል ሌላ ዙር ከፍቼለት አውቃለሁ። እንደ ቁማር አስቤው አላውቅም ነበር፣ እንደ ገበያ እንጂ።

መምህርቷ

ሰኞ ሰኞ በክፍሌ የምሳ ብር የሌለው ልጅ ይበዛል። ምክንያቱን እስከዛሬ አልጠየቅኩም። ዘንድሮ ትምህርት ሲከፈት እጠይቃለሁ።

የሆጤው አባት

የኔን ውሳኔ ልንገራችሁ። ለወንዱ ኩፕሄድ ቀርቷል፣ እስኪያድግ። ነግሬዋለሁ፣ ምክንያቱንም። ለትልቋ ቅዳሜና እሁድ፣ እኔ ባለሁበት፣ በር ተከፍቶ። ታናሹ በዚያ ሰዓት አያቱ ጋ ይሄዳል። ነገ ደግሞ በጎረቤት አጥር አብረን እናልፋለን፣ አበባውን በእጄ ይዤ አሳየዋለሁ።

የአራዳዋ እናት

ለትልቋም ቢሆን እኔ አልፈቅድም። ቤቴ የሰይጣን ሥዕል አይገባም፣ በዚህ አልለወጥም። ግን ልጅህን ጠይቀህ መስማትህን ወድጄዋለሁ። እኔ የኔን የጠየቅኩት ብሩ ካለቀ በኋላ ነው።

የጌም ቤቱ ባለቤት

ዛሬ ማታ ወረቀት ጽፌ በሬ ላይ ለጥፌአለሁ። "ዩኒፎርም የለበሰ ተማሪ በ‹ተሸናፊ ይከፍላል› ደንብ አይጫወትም። ሁለቱም እኩል ይከፍላሉ። ሁለት ዙር ብቻ።" ትልልቆቹ ሳቁብኝ። ሁለት ልጆች ወደ ማዶው ቤት ሄዱ። ማንም ወላጅ መጥቶ ማየት ይችላል፣ ከ10 ሰዓት በኋላ ክፍት ነው።

የአራዳዋ እናት

ሐሙስ ልጄን ይዤ እመጣለሁ።