ግሪን ካርድ ያላት እናት፣ የአሜሪካ ፓስፖርት የያዘ ወንድም፦ ከሐዋሳ ሲመለሱ ምን ይያዙ?

ሐይቅ_ዳር፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ ከሐዋሳ ነው የምጽፈው። እናታችን ግሪን ካርድ አላት፤ በኢትዮጵያ ፓስፖርቷ መጥታ እዚህ ከከረመች 10 ወር አልፏል። ካርዱ የ10 ዓመት ነው፣ ሊያልቅ 4 ወር ቀርቶታል። ወንድሜ ደግሞ የአሜሪካ ዜግነት ወስዷል። እዚያ የተወለዱትን ሁለት ልጆቹን ይዞ መጥቶ ሲመለስ እሷንም አብሮ ሊወስዳት አስቧል። የድሮው የኢትዮጵያ ፓስፖርቱ እጁ ላይ ነው፣ ጊዜውም አላለፈም። እናቴ እስከ መቼ መቆየት ትችላለች? በፍራንክፈርት በኩል የሚያልፍ ርካሽ ትኬት አግኝተናል፣ ችግር ይኖረዋል? ወንድሜስ በየትኛው ፓስፖርት ይግባ፣ በየትኛው ይውጣ? የጠየቅነው ሰው ሁሉ የተለያየ ነገር ነው የሚነግረን።

ታቦር_ስር፦
እህቴ፣ የሚያጣድፈው የእናትሽ ጉዳይ ስለሆነ ከእርሳቸው ልጀምር። ሰው የሚያደባልቃቸው ሁለት ቀነ ገደቦች አሉ። አንዱ ካርዱ ላይ የታተመው ማብቂያ ነው። ሌላው ከአሜሪካ ከወጡበት ቀን የሚቆጠረው አንድ ዓመት ነው፤ አደገኛው እሱ ነው። ካርዱ ገና 5 ዓመት የሚቀረው ቢሆን እንኳ፣ ባለቤቱ ያለ መመለሻ ፈቃድ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ውጭ ከቆየ ካርዱ ለመግቢያ አያገለግልም። በሌላ በኩል የ10 ዓመት ካርድ ጊዜው ቢያልፍ ነዋሪነቱ አብሮ አይቀርም። ያለፈበት ማስረጃው ነው፣ መብቱ አይደለም።

አንዱን ዓመት ቦሌ ላይ ከተመታው ማህተም አትቁጠሩ። ከዋሽንግተን የተነሳ መንገደኛ አዲስ አበባ የሚደርሰው በማግስቱ ስለሆነ ማህተሙ አንድ ቀን ዘግይቶ ነው የሚታየው። አሜሪካ ስትወጪ ማህተም የሚመታ የለም፤ መውጫሽን የሚያውቁት አየር መንገዱ ከሚልከው የመንገደኞች መዝገብ ነው። ስለዚህ የመጡበትን ትኬት ፈልጋችሁ የበረራውን ቀን በፈረንጆች አቆጣጠር ቁጠሩ። ትኬቱን ከገደቡ ቢያንስ ሦስት ሳምንት ቀድሞ ለሚነሳ በረራ ቁረጡ። በረራ ይሰረዛል፣ ሰው ይታመማል፤ በመጨረሻዋ ሳምንት ላይ መንጠልጠል ለማንም አይመከርም።

10 ወር ማለት ደግሞ 180 ቀኑ አልፏል ማለት ነው። ከ180 ቀን በላይ ውጭ የቆየ ነዋሪ ሲመለስ እንደ አዲስ ገቢ ሊመረመር ይችላል። መኮንኑ የት ይኖሩ እንደነበር፣ ለምን እንደቆዩ፣ እዚያ ምን እንዳላቸው ይጠይቃል። የቆዩት በሕመም ከሆነ የሆስፒታል ወረቀት፣ በለቅሶ ከሆነ የሞት ምስክር ወረቀት ይያዙ። ከአሜሪካ በኩል የቤት ኪራይ ውል፣ የባንክ መግለጫና የግብር ወረቀት ይጨምሩ። ግብሩን ነዋሪ ያልሆነ ሰው በሚሞላው ቅጽ ሞልተው ከሆነ ግን ራሱ ወረቀቱ ይመሰክርባቸዋል።

አንድ ነገር አደራ። መግቢያው ላይ አይ-407 የሚባል ቅጽ ቢቀርብላቸው ሳይገባቸው አይፈርሙ። ነዋሪነትን በፈቃድ መተው ማለት ነው። ያልፈረመ ሰው ጉዳዩን በኢሚግሬሽን ዳኛ ፊት የማቅረብ መብት አለው። እንግሊዝኛ የማይችሉ እናቶችና አባቶች የሚጎዱት እዚህ ላይ ስለሆነ ከጉዞው በፊት በአማርኛ በደንብ አስረዷቸው፣ አስተርጓሚ መጠየቅ እንደሚችሉም ንገሯቸው።

ዜግነት የማመልከት ሐሳብ ካላቸው ከ6 ወር በላይ መቆየታቸው የ5 ዓመቱን ተከታታይነት እንደሰበረ ይገመታል። በማስረጃ ሊስተባበል ይችላል፣ ግን ሥራ አለው።

አሞራ_ገደል፦
ዓመቱ ቢያልፍስ ለሚል ልጨምር። ያኔ መንገዱ የተመላሽ ነዋሪ ቪዛ ነው። አዲስ አበባ ባለው የአሜሪካ ኤምባሲ ዲኤስ-117 የሚባለው ቅጽ ይሞላል፤ የቅጹ ክፍያ 180 ዶላር ነው፣ ከተፈቀደም የቪዛና የሕክምና ምርመራ ወጪ ይከተላል። መረጋገጥ ያለበት ሲወጡ ለመመለስ አስበው እንደነበርና ያዘገያቸው ከአቅማቸው በላይ የሆነ ምክንያት መሆኑ ነው። «ልጆቼ ጋ ሆኜ ቆየሁ» ብቻውን በቂ አይሆንም።

ለሚቀጥለው ጊዜ መፍትሔው የመመለሻ ፈቃድ ነው። አይ-131 በሚባለው ቅጽ ይጠየቃል፣ ብዙውን ጊዜ ለ2 ዓመት ያገለግላል። ግን ማመልከቻው ሲገባ ሰውዬው አሜሪካ ውስጥ መሆን አለበት፣ አሻራም የሚሰጠው እዚያው ነው። ሐዋሳ ተቀምጦ የሚያዝ ነገር አይደለም። አሻራ ከሰጡ በኋላ መውጣት ይቻላል፤ ቅጹ ላይ ከተሞላ ፈቃዱን ከኤምባሲው መቀበልም ይቻላል።

በየ11 ወሩ ደርሶ መመለስ ያዋጣል የሚሉም አሉ። አያዋጣም። ካርዱ የመኖሪያ ነው፣ የጉብኝት ቪዛ አይደለም፤ መዝገቡ ላይ ሲደጋገም ይታያል።

ትኬት_ክፍል፦
ስለ ፍራንክፈርት። የሚያስቀረው ብዙውን ጊዜ የአሜሪካው መግቢያ ሳይሆን ቦሌ ላይ ያለው የትኬት መስኮት ነው። አየር መንገዱ ሰነድ ያልተሟላለት ሰው ጭኖ ከሄደ ይቀጣል፤ ስለዚህ ሠራተኛው ቲማቲክ የሚባለውን የሰነድ መመሪያ ከፍቶ የሚያየውን ነው የሚከተለው። ልመና አይሠራም።

የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው በሸንገን አገር (በመካከላቸው የድንበር ቁጥጥር ካስቀሩት የአውሮፓ አገሮች በአንዱ) ኤርፖርት፣ ከመቆያው ክልል ባይወጣም፣ የኤርፖርት ማለፊያ ቪዛ ከሚጠየቁት ውስጥ ነው። ግሪን ካርድ ያለው ነፃ ነው፤ ግን የአውሮፓው ዝርዝር የሚለው «ጊዜው ያላለፈ» ካርድ ነው። የእናትሽ ካርድ 4 ወር ስላለው አሁን ከሄዱ ችግር የለም። ካለቀ በኋላ ከሆነ ግን ተመልከቺ፦ አሜሪካኖቹ ከአንድ ዓመት በታች ውጭ የቆየን ሰው ጊዜው ባለፈ የ10 ዓመት ካርድም እንዲሳፈር ይፈቅዳሉ፣ የአውሮፓው ማለፊያ ግን አይቀበለውም። ለእንደዚያ ዓይነት መንገደኛ ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን የሚወስደው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ይሻለዋል፤ ዋጋው ቢበዛም።

ርካሽ ትኬት ላይ ሁለት ወጥመድ አለ። አንደኛው ሁለት ቦታ መቀየሪያ ያለው ነው፤ ለምሳሌ ከፍራንክፈርት ፓሪስ፣ ከፓሪስ አሜሪካ። ሁለቱም ሸንገን ስለሆኑ በመካከላቸው መብረር ወደ ሸንገን መግባት ነው፤ ግሪን ካርድ አይሸፍነውም፣ የሸንገን ቪዛ ይፈልጋል። ሁለተኛው ተለያይቶ የተቆረጠ ትኬት ነው። ሻንጣ ወጥቶ እንደገና የሚመዘን ከሆነ መንገደኛው ድንበር አልፎ መግባት አለበት፣ ያው ቪዛ ሊጠየቅ ነው። ትኬቱ አንድ መሆኑን፣ የመያዣ ቁጥሩም አንድ መሆኑን ሳታዩ አትክፈሉ።

በለንደን በኩል የሚያልፍ ካለ እንግሊዞች ከሚያዝያ 21 ቀን 1998 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተሰጠ ግሪን ካርድ ይቀበላሉ። ጊዜው ያለፈውንም ማራዘሚያውን አይ-797 ደብዳቤ ከያዘ ጋር ይቀበላሉ። ያ ደብዳቤ የካርድ እድሳት ሲጠየቅ የሚላክ ደረሰኝ ነው፤ ከ2024 ወዲህ ካርዱን ለ36 ወር ያራዝማል። እናትሽ አሁን የላቸውም፤ ሲመለሱ የካርድ እድሳት ቅጹን አይ-90 ሞልተው ያገኙታል።

ወንዶ_ገነት፦
ወንድምሽ ጊዜው ያላለፈ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ካለው በእሱ ይግባ እንጂ፣ ለምን ለቪዛ ይከፍላል? ሲመለስ የአሜሪካውን ያወጣል።

ታቦር_ስር፦
ወንድሜ፣ ይህን ምክር ሰው እንዳይከተለው እፈራለሁ። ኢትዮጵያ ጥምር ዜግነት አትፈቅድም። በዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ሰው የኢትዮጵያ ዜግነቱን እንደተወ ይቆጠራል። ፓስፖርቱ ላይ የተጻፈው ቀን ባያልፍም ሰነዱ የእሱ መሆኑ አብቅቷል።

በተግባርም ይያዛል። በኢትዮጵያ ፓስፖርት ከገባ የመግቢያ ማህተሙ እዚያ ላይ ነው። ሲወጣ የኢሚግሬሽኑ ሠራተኛ «የአሜሪካ ቪዛህ የታለ?» ይለዋል። የአሜሪካውን ፓስፖርት ሲያወጣ ደግሞ መግቢያ ማህተምም ቪዛም የለበትም። ልጆቹን አስከትሎ እዚያ መስኮት ላይ መቆም ምንድን ነው ጥቅሙ? በሌላ በኩል የአሜሪካ ሕግ ዜጎቹ በአሜሪካ ፓስፖርት እንዲወጡና እንዲገቡ ያዛል። ስለዚህ ከመነሻ እስከ መድረሻ አንድ ፓስፖርት፦ የአሜሪካው።

ለኢትዮጵያ መግቢያ ሁለት አማራጭ አለው። የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ማለትም ቢጫ ካርድ፣ በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የመጣ ነው። ቪዛ፣ የመኖሪያ ፈቃድና የሥራ ፈቃድ ያስቀርለታል፤ መምረጥና መመረጥ ግን አይፈቅድም። ቤት የመግዛት ወይም ሐዋሳ የመሥራት ሐሳብ ካለው ይህን ያውጣ። ያ የድሮ ፓስፖርት ለትውልዱ ማስረጃ ስለሚሆነው አይጣለው፣ አይጓዝበትም እንጂ። ቢጫ ካርድ ብቻውን የጉዞ ሰነድ ስላልሆነ ከአሜሪካው ፓስፖርት ጋር አብሮ ይያዝ። ለአንድ ጊዜ ጉብኝት ከሆነ ኢቪዛ፣ ማለትም በኢንተርኔት የሚጠየቅ ቪዛ፣ ይበቃዋል፤ መንግሥታዊው ድረ ገጽ ኢቪዛ ዶት ጎቭ ዶት ኢቲ ነው። ስሙን አስመስለው ተጨማሪ ገንዘብ የሚያስከፍሉ ገጾች ስላሉ አድራሻውን ፊደል በፊደል ይይ። ኢቪዛው ከፓስፖርት ቁጥሩ ጋር የተያያዘ ነው፤ ፓስፖርት ሊያሳድስ ከሆነ መጀመሪያ ያሳድስና ከዚያ ያመልክት።

ልጆቹም እንደዚያው፣ ለየራሳቸው ፓስፖርትና ለየራሳቸው ቪዛ ወይም ቢጫ ካርድ ያስፈልጋቸዋል። ከ16 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ የሚሰጠው የአሜሪካ ፓስፖርት ለ5 ዓመት ብቻ ስለሆነ ብዙ ቤተሰብ ሳያስበው ያልቅበታል። ለማሳደስ ሁለቱም ወላጆች መቅረብ አለባቸው፤ አንዱ ካልቻለ ዲኤስ-3053 በሚባለው የስምምነት ቅጽ ላይ ኖተሪ (ፊርማ የሚያረጋግጥ ሰው) ፊት ይፈርማል። እናታቸው አብራ የማትመጣ ከሆነ ልጆቹ ከአባታቸው ጋር እንዲጓዙ መስማማቷን የሚገልጽ በኖተሪ የተረጋገጠ ደብዳቤና የልደት ምስክር ወረቀታቸውን ይያዝ።

ሐይቅ_ዳር፦
እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ብዙ ነገር ጠራልኝ። አንድ የቀረኝ አለ። የእናቴ የኢትዮጵያ ፓስፖርትም በሚቀጥለው ወር ያልቃል። አሜሪካ ለመግባት ግሪን ካርዱ ብቻውን ይበቃል ይላሉ። ፓስፖርቱ ላይ ያለው የስሟ አጻጻፍና ካርዱ ላይ ያለውም ትንሽ ይለያያል።

ትኬት_ክፍል፦
ግሪን ካርዱ በአሜሪካ በኩል ይበቃ ይሆናል፣ ከኢትዮጵያ ለመውጣትና በሌላ አገር ለማለፍ ግን የሚሠራ ፓስፖርት የግድ ነው። ሐዋሳ ባለው የኢሚግሬሽን ቅርንጫፍ እድሳቱን ዛሬውኑ ጀምሩ። ዓመቱ ሊሞላ ሁለት ወር እንኳ አልቀረም፤ አሁን ጉዞውን የሚወስነው ይህ ፓስፖርት ነው። ወንድምሽ ይምጣ ብላችሁ አትጠብቁ፤ ፓስፖርቱ በእጅ ከገባና ወንድምሽ ካልደረሰ ብቻቸውን ቀድመው ይሂዱ። የድሮውን ፓስፖርት ይመልሱላችሁ እንደሆነ ጠይቁ፣ ማህተሞቹ ማስረጃ ናቸው።

ስሙን በተመለከተ ትኬቱ የሚቆረጠው በፓስፖርቱ የታችኛው ሁለት መስመር ላይ በማሽን በሚነበበው አጻጻፍ ነው። አዲሱ ፓስፖርት ላይ የላቲን ፊደሉ ከግሪን ካርዱ ጋር እንዲመሳሰል ማመልከቻውን ስትሞሉ ካርዱን ከፊታችሁ አድርጉ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው አንዱ ላይ የአባት ስም፣ ሌላው ላይ የአያት ስም በቤተሰብ ስም ቦታ ሲገባ ነው። ፓስፖርቱ በድሮው አጻጻፍ ከወጣ ሁለቱ ስም የአንድ ሰው መሆኑን የሚያሳይ ሰነድ፣ ለምሳሌ የልደት ወይም የጋብቻ ምስክር ወረቀት ከነትርጉሙ፣ ይያዙ።

የልደት ቀኑንም አመሳክሩ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ የተወለደ ሰው ላይ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜ ላይ 8 ዓመት ነው የሚጨመረው። በቀኑም ጥንቃቄ አለ፦ መስከረም 1 ቀን 1990 ሴፕቴምበር 11 ቀን 1997 ሲሆን፣ መስከረም 1 ቀን 1988 ግን ሴፕቴምበር 12 ቀን 1995 ነው። የአንድ ቀን ልዩነት ሁለቱን ሰነዶች የተለያየ ሰው ሊያስመስላቸው ይችላል።

አሞራ_ገደል፦
የካናዳና የእንግሊዝ ዘመድ ላላችሁ፣ ሕጉ ይለያል። የካናዳ ቋሚ ነዋሪ በ5 ዓመት ውስጥ 730 ቀን ካናዳ መኖር አለበት፣ ተከታታይ ባይሆንም። ካርዱ ካለቀበት ግን ለአውሮፕላን ጉዞ የቋሚ ነዋሪ የጉዞ ሰነድ ከውጭ ሆኖ ማውጣት ይጠበቅበታል። በእንግሊዝ ደግሞ የፕላስቲኩ የመኖሪያ ካርድ በ2024 መጨረሻ አብቅቶ በኢንተርኔት በሚታይ ቪዛ ተተክቷል። እዚህ አገር ፓስፖርት ያሳደሰ ሰው አዲሱን ቁጥር በዚያ መለያው ውስጥ ካላስገባ የአየር መንገዱ ሠራተኛ ሲፈልገው ላያገኘው ይችላል። ስለዚህ ፓስፖርቱን በተቀበላችሁበት ቀን፣ ከሐዋሳ ሳትነሱ አስገቡት።